የሙዚቀኞቻችን የወረቀት ጉዳይ

በማኅበራችን 25ኛ ዓመት የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ፣ ናይሮቢ፣ በበዓል ዝግጅት ኮሚቴው ስም የቀረበ ንግግር



የኮሚቴው ጸሐፊ «የሙዚቀኞቹን ነገር እናንተ ተናገሩ» ሲለን መጀመሪያ እምቢ ብለን ነበር። እኛ ባለሱቆች ነን፤ ትምህርታችንም ከ12ኛ ክፍል አያልፍም። ቆይተን ስናስበው ግን እውነቱን ነው። ባለፉት ዓመታት ከሀገር ቤት የመጣ ዘፋኝ ሁሉ ሻንጣውን መጀመሪያ ያሳረፈው እኛ ሱቅ ነው። ኪቦርዱ ከበርበሬው ማዳበሪያ ጀርባ አድሯል፣ ከበሮው የጀበና ካርቶን ላይ ተቀምጧል። ለኢሚግሬሽን የሚገባው ደብዳቤም የተጻፈው ባንኮኒያችን ላይ፣ ደንበኛ እያስተናገድን ነው። የዘይት ጠብታ ያረፈበትን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ደግመን ጽፈናል። ስለዚህ ዛሬ የምንናገረው ስለ ዘፈን አይደለም፤ ያንን የሚያውቁ ሌሎች አሉ። የምንናገረው ዘፋኙ ድንበር እንዲያልፍ ስለሚያስፈልገው ወረቀት ነው። ዓመቶቹን የምንጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እንገልጻለን።

ማኅበሩ ሲቋቋም እንቁጣጣሽን የምናከብረው በካሴት ነበር። አዳራሽ እንከራያለን፣ እናቶች እንጀራውን ይጋግራሉ፣ ቡናው ይፈላል፣ ቴፑ ይከፈታል። ወላጆች ይጨፍራሉ፣ አንዳንዶች ያለቅሳሉ። ልጆቹ ግን ግድግዳ ተደግፈው ያዩናል። እዚህ የተወለደ ልጅ ማሲንቆ በሥዕል እንጂ በዓይኑ አላየም። ከዚያ አንድ ዓመት አዋጥተን ሁለት ሰው አስመጣን፤ አንድ ባለማሲንቆና አንዲት ድምፃዊት። ባለማሲንቆው በዕድሜ ጠና ያሉ ሰው ነበሩ። በአዝማሪ ወግ በየጠረጴዛው እየዞሩ የልጆቹን ስም ይጠይቁና በስማቸው ይገጥሙላቸው ጀመር። ስሙ በግጥም ሲጠራ የሰማ አንድ የስምንት ዓመት ልጅ አፍሮ ጠረጴዛ ሥር ገባ። ቆይቶ ወጣ፤ ሌሊቱን ሙሉም ከኋላቸው አልተለየም። ያ ልጅ ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኗል፤ አሁን የምንናገርበትን ድምፅ ማጉያ ያስተካከለልን እሱ ነው። ካሴት የሰውን ስም አይጠራም። ከዚያ በኋላ በቴፕ ብናከብር ማን ይሰማናል?

ብዙ ሰው «ኬንያና ኢትዮጵያ ቪዛ አይጠያየቁም፤ ታዲያ የምን ወረቀት ነው?» ይለናል። እውነት ነው፣ ሁለቱ ጎረቤቶች የአንዳቸውን ዜጋ ያለ ቪዛ ሲያስገቡ ብዙ ዘመን ኖረዋል። ያ ግን ለእንግዳ ነው። ዘመድ ሊጠይቅ ወይም ዕቃ ሊያይ የመጣ ሰው እንግዳ ነው። መድረክ ላይ ወጥቶ ገንዘብ የሚቀበል ሰው ግን ለአንድ ሌሊትም ቢሆን በሕግ ዓይን ሠራተኛ ነው። ስለዚህ ስፔሻል ፓስ የሚባለውን የአጭር ጊዜ ፈቃድ ማውጣት አለበት። ለዚያ የጋባዡ ደብዳቤ፣ የፓስፖርት ቅጂ፣ ፎቶግራፍና ክፍያ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጊዜ ያስፈልጋል። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት እኛ ይህን አላወቅንም ነበር። «እንግዶቻችን ናቸው» እያልን አስገብተን በር ላይ ትኬት እንሸጥ ነበር። አልተያዝንም እንጂ ጥፋት ነበር፤ ዛሬ በይፋ መናገሩ ይሻላል።

ሁለተኛው ወረቀት የዕቃው ነው። የጉምሩክ ሰው ኪቦርድ የሚያስቆመው ሙዚቃ ጠልቶ አይደለም። ይህ ለእኛ ለነጋዴዎች ቶሎ ይገባናል። አንድ ኪቦርድ «ልጫወትበት ነው» ተብሎ ያለ ቀረጥ ገብቶ እዚህ ቢሸጥ፣ ቀረጡን ከፍሎ የሚያስመጣው ባለሱቅ ይከስራል። ስለዚህ ዕቃው ተመልሶ እንደሚወጣ ማረጋገጫ ይፈለጋል፤ ዝርዝሩ፣ ሴሪያል ቁጥሩ፣ አንዳንዴም ማስያዣ ገንዘብ። በሌላው ዓለም ካርኔ የሚባል የዕቃ ፓስፖርት አለ። ንግድ ምክር ቤት ዋስ ሆኖ ያወጣዋል፤ በየድንበሩ ሲገባና ሲወጣ ማኅተም ይመታበታል፤ ቀረጥ አይጠየቅም። ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካ፣ ሞሮኮ፣ ቱኒዚያና ሴኔጋል ይቀበሉታል። በሞያሌ መንገድ እኛ የተጓዝነው ግን በዝርዝርና በማስያዣ ነው። ማስያዣው ከሱቃችን የዕቃ መግዣ ላይ ወጥቶ ሦስት ወር ሳይመለስ የቀረበት ጊዜ አለ። በዚያ ወቅት ሽሮ አጥታችሁ የተቆጣችሁን ደንበኞቻችን፣ ምክንያቱ ይህ ነበር።

ማሲንቆ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ቆዳው የፍየል ነው፣ ክሩ የፈረስ ጭራ። አንድ ጊዜ አንድ ተቆጣጣሪ «የእንስሳት ውጤት ስለሆነ የጤና ወረቀት አምጡ» አለን። ቀጥሎ ሴሪያል ቁጥሩን ጠየቀና ከአፉ ሳይጨርሰው ራሱ ሳቀ። ባለማሲንቆውም ቁጭ ብለው ቃኝተው ተጫወቱለት። አለፍን። ያለፍነው በሳቅ ነው እንጂ በሕግ አይደለም። በሳቅ ማለፍ ደግሞ በየዓመቱ አይገኝም።

መንገዱ ራሱ ተሻሽሏል፣ አይካድም። ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አስፋልት ሳይሆን በፊት የተጓዘ ሰው አቧራውን እስካሁን አይረሳውም። በታኅሣሥ 2020 የሁለቱ ሀገሮች መሪዎች በሞያሌ የጋራውን የድንበር ኬላ መረቁ፤ የመውጫውንና የመግቢያውን ጉዳይ በአንድ ቦታ ቆሞ መጨረስ ተቻለ። በ2024 መጀመሪያ ደግሞ ኬንያ ቪዛን ትታ የኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃድ ስታመጣ፣ ማን ያስፈልገዋል ማን አያስፈልገውም የሚለው ግራ አጋብቶን ሰነበተ። ሰልፉ አጥሯል፣ ስክሪን መጥቷል። የሙዚቀኛው ጥያቄ ግን ያው ነው፤ እንግዳ ነህ ወይስ ሠራተኛ?

«ይህ ሁሉ መንከራተት ድሆች ስለሆንን ነው» የሚሉ ወገኖች አሉ። እኛም እንል ነበር። የእንግሊዞቹን ነገር ከሰማን ወዲህ ግን ትተነዋል። የአንድ አባላችን ልጅ ለንደን ተወልዶ ያደገ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ነው። በበዓል ቀን ሲደውል «አባዬ፣ እኛም እንደናንተ ሆንን» ይላል። ነገሩን በዝርዝር የነገረን እሱ ነው፤ ከዚያ በኋላ እኛም በዜና እየተከታተልን ቆየን።

እንግሊዝ የአውሮፓ ኅብረት አባል በነበረችበት ጊዜ የለንደን ባንድ ዕቃውን መኪና ላይ ጭኖ በዶቨር ባሕሩን ይሻገራል። ዛሬ ፓሪስ፣ ነገ ብራስልስ፣ ከነገ ወዲያ በርሊን ይጫወታል። ማንም «ሠራተኛ ነህ?» አይለውም። በ2016 ሕዝቡ እንውጣ ብሎ ድምፅ ሰጠ፣ በጥር 2020 መጨረሻ ወጡ፣ ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ አዲሱ ደንብ ሥራ ላይ ዋለ። ሁለቱ ወገኖች የተፈራረሙት የንግድና የትብብር ስምምነት በጣም ትልቅ ሰነድ ነው ይባላል፤ ዓሣ የማጥመዱ ጉዳይ እንኳ አለበት። ድንበር ተሻግሮ የሚጫወት ሙዚቀኛ ግን በቂ ቦታ አላገኘም።

የሚያስገርመው ሁለቱም አለመፈለጋቸው አይደለም። ሁለቱም ሐሳብ አቅርበው ነበር። ኅብረቱ በአጭር ጊዜ ያለ ቪዛ መጥቶ ለመጫወት የሚያስችል ሐሳብ አቀረበ፤ እንግሊዞቹ የሰው ዝውውርን መቆጣጠር የሚለው አቋማችንን ይነካል ብለው አልተቀበሉትም። እነሱ ደግሞ ሙዚቀኛው እንደ ንግድ ተጓዥ ይቆጠር አሉ፤ ኅብረቱ እምቢ አለ። ሙዚቀኛው መሐል ላይ ቀረ። ገበያ ላይ ሁለት ሰዎች በአሥር ብር ተለያይተው ዕቃው ሳይሸጥ ሲመሽ ስንት ጊዜ አይተናል!

ውጤቱ ይህ ነው። ኅብረቱ 27 ሀገሮች አሉት፤ ሥራን በሚመለከት እያንዳንዱ የራሱ ደንብ አለው። አንዱ ያለ ፈቃድ ያስገባል፣ ሌላው ለጥቂት ቀናት ብቻ ይፈቅዳል፣ ሦስተኛው የሥራ ፈቃድ ይጠይቃል። በሸንገን ሀገሮች ውስጥ በ180 ቀን ከ90 ቀን በላይ መቆየት አይቻልም። በእጅ የሚያዝ ጊታር ከባለቤቱ ጋር ያለ ካርኔ ያልፋል፤ ዕቃው በጭነት ከሄደ ግን ካርኔ ይጠየቃል። ከእንግሊዝ የተነሣ ትልቅ የጭነት መኪና መድረኩንና ድምፅ ማጉያውን ጭኖ ኅብረቱ ውስጥ ከሦስት ቦታ በላይ ሳያራግፍ ወደ ቤቱ መመለስ አለበት። አሥር ከተማ ለሚዞር ባንድ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ነጋዴ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። ባንዱ በየኮንሰርቱ የሚሸጠው ካናቴራና ሲዲ ደግሞ እንደ ማንኛውም ሸቀጥ ቀረጥ ሊጠየቅበት ይችላል፤ ለትንሽ ባንድ ደግሞ የቤንዚን ወጪው የሚሸፈነው ከካናቴራው ሽያጭ ነው። ለረጅም ዘመን መቀመጫውን ለንደን ያደረገው የኅብረቱ የወጣቶች ኦርኬስትራ እንኳ ወደ ጣሊያን ተዛወረ። እነ ኤልተን ጆን በይፋ ጮኹ። ኤልተን ጆን ራሱ ጠበቃም ገንዘብም አለው፤ የጮኸው ገና ለሚጀምሩት ልጆች ነው።

እንግዲህ እነዚህ ድሆች አይደሉም። ቢትልስን ለዓለም የላከ ሀገር ነው።

ከዚህ ታሪክ እኛን በጣም የጠቀመን የስፔን ጉዳይ ነው። በመጀመሪያ ስፔን ለእንግሊዝ ሙዚቀኞች ከባድ ከሚባሉት አገሮች አንዷ ነበረች፤ ለአጭር ጊዜ ጉዞ እንኳ ቪዛ ይጠየቅ ነበር። በኅዳር 2021 ይህ ቀረ። እንዲቀር የገፋፉት የእንግሊዝ የቀጥታ ሙዚቃ ድርጅቶች ከስፔን ኮንሰርት አዘጋጆች ጋር ተባብረው ነው። ጋባዥና ተጋባዥ በአንድ ላይ ሆነው «ይህ ደንብ ሁለታችንንም ጎዳን» ብለው የስፔንን መንግሥት አስረዱ። ትልቁ ስምምነት ግን ገና ነው። በግንቦት 2025 እንግሊዝና ኅብረቱ ለንደን ላይ ባደረጉት ጉባኤ ስለ ተጓዥ አርቲስቶች መልካም ቃል በጋራ ሰነዳቸው ላይ አሰፈሩ፤ ደንቡ ግን በዚያ ቀን አልተለወጠም። የቤዝ ተጫዋቹ ልጅ በስልክ ሲነግረን «ቃሉን አቀፍነው፣ መኪናው ግን አሁንም ሦስት ቦታ ነው» አለን።

የእኛ ሀገር ሙዚቀኛ ደግሞ ከነሱም የባሰ ነው። እንግሊዝ ኅብረቱ ውስጥ እያለችም ከሸንገን ውጭ ስለነበረች፣ ፓሪስና ለንደን የተጋበዘ የአዲስ አበባ ዘፋኝ ሁለት ቪዛ ያስፈልገው ነበር፤ ዛሬም ያስፈልገዋል። ፓስፖርቱ አንድ ነው። አንዱ ጋ ገብቶ ሲጠበቅ ለሌላው የሚቀርብ የለም፤ ቀኑ ይሄዳል፣ አንዱ ኮንሰርት ይሰረዛል። አመልካቹ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ለመመለስህ ምን ማረጋገጫ አለህ?» የሚለውን ነው። ይህ ጥያቄ ከባዶ ሜዳ አልመጣም። የዋልያስ ባንድ በ1981 አሜሪካ ሄዶ ከአባላቱ አንዳንዶቹ እዚያው እንደቀሩ ሁላችንም እናውቃለን። በዚያ ዘመን የሀገራችን ሁኔታ ምን እንደነበር ስለምናውቅ አንፈርድባቸውም። ይሁንና ኤምባሲ ያለ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር አይረሳም። የድንበር ሰውም አይረሳም። አሁን ወደምንናገረው ያመጣን ይኸው ነው።

ይህን ክፍል በመጽሔቱ ላይ እናውጣው ወይስ አናውጣው ብለን ኮሚቴው ሁለት ምሽት ተከራክሯል። ይውጣ የሚለው አሸነፈ።

በ2014 ለእንቁጣጣሽ አምስት ሙዚቀኞች ጠራን። ዝርዝሩን ልንልክ ስንል አንዲት እናት ወደ ሱቃችን መጡ። ማን እንደሆኑ አንናገርም፤ ከመካከላችን ናቸው፣ እናከብራቸዋለን። የእኅታቸው ልጅ ሀገር ቤት ሥራ አጥቶ መቀመጡን ነገሩንና «ስሙን ብቻ ጨምሩልኝ፤ እናንተ ምን ይጎድልባችኋል?» አሉ። አለቀሱ። እኛም ስሙን ጻፍን። ስድስተኛ፣ «ከበሮ መቺ» ብለን። ልጁ ከበሮ ነክቶ አያውቅም። ደብዳቤው በማኅበራችን ማኅተም ወጣ። ስሙን የጻፈው የእኛ እጅ ነው፤ እናቲቱን ማንም እንዳይወቅስ።

ስድስቱም ገቡ። በዓሉ በተከበረበት ሌሊት ልጁ አልነበረም። ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሄዱት ልጆቻችን በዚህ ከተማ በኩል ታንዛኒያ እንደሚሻገሩ ታውቃላችሁ። ታንዛኒያ ውስጥ ተይዞ ወራት ታሰረ፤ በኋላ ወደ ሀገሩ ተመለሰ። ነፍሱ ተረፈች፤ ይህ ለብዙዎች ያልደረሰ ዕድል ነው።

በ2015 እንደገና አምስት ሙዚቀኞች ጠራን። ይህ ጊዜ ሁሉም እውነተኛ ነበሩ። በመካከላቸው የልጆቻችንን ስም የሚገጥሙት አዛውንት ባለማሲንቆ ነበሩ። ድንበር ላይ ደረሱ። ሰውየው መዝገቡን ከፈተና «ባለፈው ዓመት በዚህ ማኅበር ደብዳቤ ስድስት ገብተው አምስት ወጥተዋል» አለ። ትክክል ነበር። ስህተት ቢሆን ኖሮ እንከራከር ነበር።

አባታችን ከሞያሌ ደወሉልን። ማታ ነበር፤ ሱቁን እየዘጋን ነበር። «ልጆቼ፣ ሰውየው ስድስተኛው የት አለ ይለኛል። እኔ ምን ልበለው?» አሉን። መልስ አልነበረንም። በዚያች ሌሊት አንድ አልቤርጎ ውስጥ አድረው በማግስቱ ማሲንቋቸውን ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ ወደ 800 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የአውቶቡስ መንገድ ነው። አበላቸውን ልከንላቸዋል። ገንዘቡን ተቀበሉ፤ ስለ ነገሩ ግን ዳግመኛ አላነሡብንም። በዓሉን በሲዲ አከበርን። ልጆቹ «እኚያ አባት የት አሉ?» ሲሉን «አልተመቻቸውም» ብለን ዋሸን። እርሳቸው በ2019 ዐረፉ። ዳግመኛ ወደዚህ አልመጡም።

ከዚያ ወዲህ ያደረግነውን በአጭሩ እንናገር። ስሙ ወደ ዝርዝር የሚገባ ሰው መጀመሪያ ሲጫወት የተቀረጸ ቪዲዮ ይልካል፤ ለእያንዳንዱ ሁለት አባሎቻችን ስማቸውን ፈርመው ኃላፊነት ይወስዳሉ። ለቅሶም ቢመጣ ከዝርዝሩ ላይ ስም አይጨመርም፤ ለተቸገረ ወገን በሌላ መንገድ እናዋጣለን፣ አዋጥተናልም። ሙዚቀኞቹ ሲመለሱ የመውጫ ማኅተሙን ገጽ ፎቶ አንስተው ይልኩልናል፤ እኛም አትመን ፈቃዱን ለሰጠው ቢሮ በደብዳቤ እንመልሳለን። «አምስት ገብተው አምስት ወጥተዋል» የሚል ደብዳቤ ነው። መጀመሪያ ጊዜ ስንወስድ የተቀበለችን ሠራተኛ ግራ ገባት፤ እንዲህ ያለ ወረቀት ያመጣ ሰው የለም አለች። አሁን ግን ስንሄድ ታውቀናለች። ማመልከቻውን ከሁለት ወር በፊት እናስገባለን። ከዚህም የተነሣ ከ2022 ወዲህ አንድም ሙዚቀኛ ከድንበር አልተመለሰብንም።

በዕቃውም በኩል አንድ ነገር ተምረናል። ኪቦርድ፣ አምፕሊፋየርና ድራም ከዚያ ማምጣት ትተናል፤ እዚሁ ከኬንያውያን ሙዚቀኞች እንከራያለን። ድንበሩን የሚሻገሩት ክራሩ፣ ማሲንቆው፣ ዋሽንቱና ከበሮው ብቻ ናቸው። ማስያዣው ቀረ። ያላሰብነው ትርፍም መጣ፤ ዕቃ ያከራየን ኬንያዊ ድራመር ቆሞ ሲያይ ቆይቶ ቺክቺካውን ተማረ፣ አሁን በየበዓላችን ከባንዱ ጋር ይጫወታል። ዛሬም ማታ ታዩታላችሁ። እስክስታው ግን ገና ይቀረዋል።

የቀረው ከአቅማችን በላይ የሆነው ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል ከሆኑት ውስጥ የኬንያ፣ የኡጋንዳና የሩዋንዳ ሰዎች ከ2014 ጀምሮ በመታወቂያ ብቻ ይሻገራሉ፤ ሀገራችን የዚያ ማኅበረሰብ አባል አይደለችም። በጥር 2018 የአፍሪካ ኅብረት አዲስ አበባ ላይ የሰዎችን ነፃ ዝውውር ፕሮቶኮል አወጣ፤ ያጸደቁት ሀገሮች ግን ጥቂት ናቸው። በ2020 የኢጋድ ሀገሮች ሚኒስትሮች ካርቱም ላይ የራሳቸውን ፕሮቶኮል ተቀበሉ። ይህ ሁሉ ወረቀት ጥሩ ነው። ነገር ግን ለአንድ ሳምንት የሚመጣ ማሲንቆ ተጫዋች ስፔሻል ፓስ እንዳያስፈልገው ለማድረግ የአህጉሩ ሁሉ ስምምነት እስኪጸድቅ መጠበቅ አለብን ወይ? ስፔን የ27ቱን ስምምነት አልጠበቀችም።

ስለዚህ ከካምፓላ፣ ከዳሬሰላም፣ ከጁባና ከጅቡቲ ለመጣችሁ የእኅት ማኅበራት ተወካዮች አንድ ሐሳብ አለን። ባለፈው ዓመት እኛ ለእንቁጣጣሽ ያመጣነውን ባንድ የካምፓላ ማኅበር ከአንድ ወር በኋላ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን አስመጣው። ሁለት ጊዜ ቲኬት፣ ሁለት ጊዜ ወረቀት። ቀናችንን ብናስማማ ኖሮ ባንዱ ከናይሮቢ በቡሲያ በኩል በአውቶቡስ ይደርስላችሁ ነበር። የየሀገሩ ፈቃድ እንደሚለያይ እናውቃለን። ቢሆንም የምንልከው ዝርዝር አንድ ዓይነት ቅጽ ቢኖረው፣ የገባውና የወጣው ቁጥር ከአንዱ ማኅበር ወደ ሌላው ቢተላለፍ፣ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ወደየመንግሥቶቻችንና ወደ ኤምባሲዎቻችን ይዘን የምንቀርበው መዝገብ ይኖረን ነበር። «ለአጭር የባህል ጉዞ ፈቃዱን አቅልሉልን» ብለን ስንጠይቅ ከቃላችን በተጨማሪ የሚገለጥ ነገር ይኖራል። የኬንያ ኮንሰርት አዘጋጆችም አዲስ አበባ ባንድ ሲወስዱ ተመሳሳይ ጣጣ እንደሚገጥማቸው ነግረውናል፤ አብረውን ለመፈረም ፈቃደኞች ናቸው።

ቅጹን አዘጋጅተናል። አንድ ገጽ ነው፤ በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛና በኪስዋሂሊ። የልጆቹ እናት የሆኑት ባለቤታችን ኪስዋሂሊውን አርመውታል፤ ስህተት ካለ ለእርሳቸው ንገሩ። ከምሳ በኋላ በስተግራ ካለው ጠረጴዛ ላይ ታገኙታላችሁ። ለመጪው እንቁጣጣሽ የሚጠራው ባንድ አምስት ሰው ነው፤ ከአምስቱ አንዷ የአባታችን የባለማሲንቆው ተማሪ የነበረች ወጣት ናት። ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ፈራሚ፣ በድምሩ አሥር ሰው ያስፈልገናል። እስከ ትናንት ሰባት ሰው ፈርሟል። መዝገቡ ሱቃችን ባንኮኒ ላይ ነው፤ እሑድም እንከፍታለን።